«ሮቶው ጥግ ይቀመጥ»፦ የአንድ ብሎክ የውሃ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

የኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ላይ የማይጻፈውን ደግሞ እዚህ ልጽፍ ወሰንኩ። ሥራው ካለቀ ሌላ ብሎክ ያለ ሰው ይጠቀምበታል። ካላለቀም ለምን እንዳላለቀ ይታወቃል።

ብሎካችን አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ፣ በጠቅላላ 20 ቤት። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት በፈረቃ ይመጣል። ሲመጣ ምድር ቤት ይንዠቀዠቃል፣ አንደኛ ፎቅ ደህና ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ እንደ ዕድሉ፣ እኔ ያለሁበት ሦስተኛ ፎቅ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንደ ክር ቀጥና ትወርዳለች፣ አራተኛ ፎቅ ቧንቧው ያፏጫል እንጂ አይፈስም። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1 ባር ግፊት ይፈልጋል። የአራተኛ ፎቅ ቧንቧ ደግሞ ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሚደርሰን ግፊት እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። አራተኛ ፎቆች ግን «ታች ያሉት ከፍተው ስለሚተኙ ነው» ይላሉ። ትንሽ እውነት አለው፤ ታች ሲከፈት ላይ ይደክማል። ታች ያሉት ሁሉ ቢዘጉም ግን 13 ሜትር 13 ሜትር ነው።

ዛሬ ከ20ው 17ቱ ተገኙ። ሁሉም እጁን አወጣ። 10,000 ሊትር ሮቶ ይገዛ፣ ፓምፕ ይገጠም፣ ሮቶው ግቢው ጥግ ይቀመጥ። ጣሪያ ላይ ይውጣ ያለም ነበር፤ 10,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 10 ቶን እንደሆነና ጣሪያችን ቆርቆሮ መሆኑን ሲሰማ ራሱ ሳቀ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጋሼ ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በደስታ አስጨበጨቡን። እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ግንበኛው መጣ። «የት ነው የማፈስሰው?»
«ጥጉ ጋ።»
«የቱ ጥግ?»

ግቢው አራት ጥግ አለው። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ማለትም ሁሉም አስቦ ነበር፣ የየራሱን። ጋሼ እጃቸውን ያወጡት ለበሩ ጥግ ነው፤ ውሃ ጨርሶ ሲጠፋ ቦቴ ገብቶ እንዲሞላው። የሁለተኛ ፎቁ ባለመኪና ከጓሮ በኩል መስሎታል፤ በሩ ጋ ያለው መኪናውን የሚያቆምበት ነዋ። የእድሩ ሰብሳቢ ደግሞ ጓሮውን በፍጹም አሉ፤ ሐዘን ሲሆን ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። የምድር ቤቷ እትዬ እንጀራ ጋግረው ስለሚያስረክቡ ከንጋት በፊት ነው የሚነሱት። እሳቸው ከመስኮታቸው የራቀ ጥግ ሁሉ ጥግ ነው ብለው ነበር።

«ቃለ ጉባኤው ይነበብ!» ተባለ። አነበብኩት። «ሮቶው ጥግ ይቀመጥ» ይላል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? አፌን ያዝኩ። የሰው ሁሉ ስምምነት የቆመው እኔ ባልጻፍኳት አንዲት ቃል ላይ ነበር። ብጽፋት ኖሮ ስምምነት ራሱ አይኖርም ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ኖራ ገዛሁና በአራቱም ጥግ 3 በ3 ሜትር አራት ማዕዘን አሰመርኩ። በቃል ከሚነታረኩ በእግራቸው ይለኩት ብዬ ነው። ሠራ። አንደኛው ጥግ ገና ስናሰምር ወደቀ፣ የፍሳሹ ጉድጓድ ክዳን መሀሉ ላይ ነው፤ የመጠጥ ውሃ እዚያ አይቀመጥም። የጓሮውን የእድሩ ሰብሳቢ በእርምጃ ለክተው «ድንኳኑ አይገባም» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። የበሩን ባለመኪናው መኪናውን አስገብቶ አሳየን፤ የኋላ ጎማው ኖራው ላይ ቆመ። የቀረው በእትዬ መስኮት በኩል ያለው ጥግ ነው። ከመስኮታቸው አራት ሜትር።

እትዬ ምንም አላሉም። ዝምታቸውን ሁላችንም እንደ እሺታ ቆጠርነው። አጥፍተናል፣ ግን የገባን በኋላ ነው።

ጥቅምት 16 እና 17

ፌሮ ታሰረ፣ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ተሞላ። ግንበኛው ሲሄድ «ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት» አለ፣ ኮንክሪቱን ማለቱ ነው። ሳቃችን መጣ። ውሃ ያጣ ብሎክ ለሲሚንቶ ውሃ ከየት ያምጣ? ኮንክሪት እንደ ጭቃ ውሃው ስለተነነ አይደለም የሚጠነክረው፣ ሲሚንቶው ውሃውን እየጠጣ ነው። ቶሎ ከደረቀበት ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ውሃውን የሰጡት እትዬ ናቸው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጀሪካን፣ ከራሳቸው በርሜል። ልብ በሉልኝ፣ ይህን ሮቶ የማይፈልጉት እሳቸው ናቸው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ጋሼ ግንበኛው ጋ ደውለው «ደርቋል ወይ?» አሉ። «አዎ ደርቋል» አላቸው። በማግሥቱ ሮቶው እንዲመጣና ተሞልቶ እንዲሞከር መኪና ተከራዩ። እኔ ደግሞ ለማረጋገጥ ደወልኩ። «10 ቶን ልንጭንበት ነው» ስለው ጮኸ። «ደርቋል ማለት ረግጣችሁ ሂዱበት ማለት እንጂ ጫኑበት ማለት ነው እንዴ?» 28 ቀን ይቆይ አለ። ጋሼ ተናደዱ፣ ግንበኛውም ተናደደ፣ ሁለቱም «ግልጽ አድርጌ ነው የነገርኩት» ይላሉ። እውነትም ግልጽ ነበር፤ አንዱ ስለ መድረቅ፣ አንዱ ስለ መጠንከር። ባዶ ሮቶው መጥቶ ይቀመጥ፣ ውሃ ግን አይሞላ ተባለ። ኪራዩ አልባከነም።

ጥቅምት 27

ገንዘብ። አጭር አደርገዋለሁ። ብሩን ራሱን አልጽፍም፤ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እየተለዋወጠ ነገ ያነበበ ሰው ይስቅብኛል።

ከ20ው ቤት 9ኙ ተከራይ ነው ያለበት። «ነገ ልቀቅ ልባል ለምችለው ቤት ሮቶ ልግዛ?» አሉ። ልክ ናቸው። የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ ሕንጻውን የግልና የጋራ ብሎ ይከፍለዋል፣ የጋራው የባለቤቶች ነው። ስለዚህ ዕቃውን ባለቤት ይግዛ፣ የመብራትና የውሃ ወርሃዊውን ነዋሪ ይክፈል አልን። አንዷ ባለቤት አሜሪካ ናት፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ። በቴሌግራም ድምፅ ላክንላት። በነጋታው ከጠየቅናት እጥፍ ላከች። ስንት አመሰገንን! በሳምንቱ «ሮቶዬን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ በረንዳው ላይ ነው ወይስ መታጠቢያ ቤት?» አለች። ለራሷ ቤት ብቻ የሚገዛ መስሏት ነው። ግማሹን መለስንላት። ትንሽ ቅር ብሏታል፣ የቀረው ግን ይኸው ሮቶ ላይ አለ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ፓምፕ ልንገዛ ሄድን፤ ጋሼ፣ እኔና የአራተኛ ፎቁ ልጅ። ልጁ ኮምፒውተር ነው ሥራው፣ ሁሉን ነገር በስልኩ ያጣራል። ጋሼ አንዱን ትንሽ ፓምፕ አነሱና ካርቶኑን አነበቡ። ከፍታ እስከ 35 ሜትር፣ መጠን በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ይላል። «በቃ፣ 35 ሜትር ይገፋል፣ ይህን ያህልም ያወጣል!» ልጁ አይደለም አለ፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አይሆኑም። 35 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ምንም ነው፣ ያን ሁሉ ሊትር የሚያወጣው ደግሞ ምንም ሽቅብ ሳይገፋ ነው። መሀሉ ላይ የቱ ጋ እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩም ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ለ40 ዓመት ሰው ያስተማሩ ናቸው፣ በልጅ መታረም አልተመቻቸውም፣ እስከ ቤት ድረስ አላናገሩትም። ግን የገዛነው ልጁ ያለውን ነው፣ ባለ 1 ፈረስ ጉልበቱን። መብራት የሚበላው 1 ኪሎዋት ገደማ ነው። በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 120 ኪሎዋት ሰዓት። ለ20 ቤት ሲካፈል የማይረባ ነገር ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

እትዬ ዛሬ ተናገሩ። ስብሰባ ላይ አይደለም። ደረጃ ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ እኔ ውሃ አለኝ። ለእናንተ ብዬ ነው የማዋጣው፣ እሱ ይሁን። ግን ሁለት ነገር አስፈርሙልኝ።»

አንደኛው፣ ሮቶው ሲሞላ የሳቸው ቧንቧ ክር ይሆናል። እውነት ነው፤ 10,000 ሊትር በአንድ ጊዜ ሲስብ ታች ያለው ሁሉ ይጎዳል። ቧንቧ ሠራተኛው የመሙያውን ቫልቭ በግማሽ ከፍቶ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይሙላ አለ። ሁለተኛው ድምፁ ነው። ፓምፑ ከመስኮታቸው አራት ሜትር ነው፣ ማታ 3 ሰዓት ይተኛሉ፣ ሌሊት 10 ይነሳሉ። ከማታ 2 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት 11 ሰዓት ሞተር እንዳይነሳ።

ሁለቱም ተጻፈ። ጠዋት ከ11 እስከ 1፣ ማታ ከ12 እስከ 2። በዚህ ጊዜ እንኳን ሰዓቱን በቁጥር ጻፍኩ፤ ከጥጉ ተምሬያለሁ ብዬ ኮራሁ። 20ው ቤት ፈረመ። እትዬ ኮፒ ጠየቁ፣ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

ለሮቶው በማኅበሩ ስም ቆጣሪ እንዲወጣ ያመለከትነውም በዚሁ ሳምንት ተገጠመ። ሂሳቡ በቤት ይካፈል ወይስ በሰው ቁጥር የሚለው ግን አልተቋጨም። ስምንት ሆነው የሚኖሩት በቤት ይላሉ፣ ብቻውን የሚኖረው በሰው ይላል። ይደር።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ውሃ ወጣ!

ቧንቧ ሠራተኛው ትናንት መስመሩን ጨረሰ፤ ከፓምፑ በኋላ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ቫልቭም አስገባ። ኤሌክትሪሺያኑ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መጥቶ ሞተሩን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ስክሪን ታይመር ገጠመ። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወጣን፣ ሰባት ስምንት ሰው በአንድ ወጥ ቤት ታጨቅን። የልጁ እናት ጀሪካን ደግነው ቆሙ። መጀመሪያ ቧንቧው አስነጠሰ። አየር ተፋ። ከዚያ የሻይ መልክ ያለው ዝገት ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ነጭ፣ አረፋማ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ። እናትየው ጀሪካኑን ረሱት፣ ሁለት እጃቸውን ነው የዘረጉት። እልልታው እድሩ ሰብሳቢ ቤት ድረስ ተሰምቶ ምን ተፈጠረ ብለው እየሮጡ መጡ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ከሰኞ እስከ ረቡዕ እንደ ሰዓት ሠራ። ዛሬ ጠዋት ውሃ የለም። ዘበኛው ሲያይ ብሬከሩ ጠፍቷል፣ አበራው። ማታ 12 ሰዓትም ውሃ የለም። ሮቶው ግማሽ ድረስ ሞልቷል፣ አይቻለሁ።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ጠዋት ያው። ብሬከሩ ጠፍቷል። ማታም የለም። ቴሌግራም ግሩፑ ታመሰ። ሌሊት ጋሼ ለመጠበቅ ጃኬታቸውን ደርበው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፣ ሳጥኑን ከፈቱ፣ ብሬከሩን ጣል አድርገው ገቡ። እጅ ከፍንጅ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ከንጋት ጀምሮ ወሬው ይህ ነው። «እሷ ውሃ አላት፣ ለኛ ምን አስጨነቃት።» «ድሮም አልወደደችውም።» እኔም ጽፌአለሁ፣ አልደብቅም። «የተፈረመ ነገር ይከበር» ብዬ፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ ማን ለማለት እንደሆነ ሁሉም እንዲገባው አድርጌ። ጋሼ ቀን ኤሌክትሪሺያኑን ጠርተው አስፈተሹ። ምንም አልተበላሸም አለ፣ ትንሽ ነካክቶ ሄደ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ውሃው ፏ ብሎ መጣ! «አያችሁ፣ ሲነገራት ተወች» ተባለ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ጠዋት ውሃ የለም። ብሬከሩ ጠፍቷል። አስቸኳይ ስብሰባ።

ጋሼ ያዩትን ተናገሩ። እትዬ አልካዱም። «አዎ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉና ከመቀነታቸው ወረቀቷን አወጡ። «እስቲ ጸሐፊው ያንብብልኝ። ከማታ 2 በኋላ ሞተር አይነሳም አይልም? ሌሊት 5 ሰዓት ማን ነው የሚያስነሳው? አንድ ሌሊት ዝም ብዬ አጠፋሁት፣ ሁለት ሌሊት ዝም ብዬ አጠፋሁት። የፈረማችሁትን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ ያስከበርኩት።»

ሁሉም ዝም። ሌሊት 5 ሰዓት ሞተር? ማንም አልሰማም፣ ላይ አይሰማም።

ያኔ የልጁ እናት፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት፣ ግራ ገብቷቸው «ታዲያ ውሃው ቀን ቀን ይመጣ የለም እንዴ? ሰሞኑን ቀን 6 ሰዓት ላይ ሲመጣልኝ ተመስገን እያልኩ በርሜሌን ስሞላ ነው የከረምኩት» አሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቀን ቤት የሚውሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፕሮግራሙ እንደዚያ የሆነ መስሏቸው ለማንም አልተናገሩም።

ኤሌክትሪሺያኑም ተጠርቶ ነበር። «ይሄ ታይመር እኮ ሰዓቱ እየተዛባ ነው» አለ። «ትናንት ስመጣ 6 ሰዓት ቀድሞ አገኘሁትና ወደ ቦታው መለስኩት።»

ልጁ ቀና አለ። «ቀድሞ? 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘሁት እኔ አይደለሁ እንዴ። መብራት ሲጠፋ ነው የሚዛባው ብዬ ረቡዕ ማታ አስተካከልኩት። ትናንትም ማታ ደግሞ ቀርቶ አገኘሁትና...»

ሁለቱም እየተያዩ ቆሙ።

ኤሌክትሪሺያኑ ታይመሩን የሞላው በሀበሻ ሰዓት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሲገጥም ስክሪኑ ላይ 04:00 አደረገ፣ በዚያ ልክ የንጋቱን 11 ሰዓት 23:00፣ የማታውን 12 ሰዓት 12:00 ብሎ ሞላ። ሂሳቡ አንድ ስህተት የለውም። ልጁ ደግሞ ረቡዕ ማታ ከሥራ ሲገባ አየው፤ ስልኩ 20:10 ይላል፣ ታይመሩ 14:10። 2:10 ቢል ይነቃ ነበር፣ 14:10 ግን የሀበሻ ሰዓት አይመስልም። በቅንነት አስተካከለው። ፕሮግራሙን ግን አልነካም። ስለዚህ 23:00 የተባለው ሌሊት 5 ሰዓት ሆነ፣ 12:00 የተባለው ቀን 6 ሰዓት። ኤሌክትሪሺያኑ ቅዳሜ መጥቶ መለሰው፣ ማታ ውሃ መጣ። ልጁ ማታ 3 ሰዓት ላይ አልፎ እንደገና «አስተካከለው»። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኸ ነው፣ ያውም በቁሙ። ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም፣ ለምን ይናገራሉ፣ ትንሽ ነገር ነው ያስተካከሉት።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። ከዚያ ሁሉም። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው ሄደው እትዬን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲሉ «ኧረ በገብርኤል!» ብለው ያዟቸው። እኔ ቅዳሜ የጻፍኩትን አጠፋሁት። ማጥፋቱ ቀላል ነው፣ 20ው ቤት አንብቦታል። ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ጾም ስለገባ ቡናውን ከቆሎ ጋር ነው ያቀረቡልኝ። ይቅርታ ስላቸው «አንተ እንኳን ስሜን አልጠራህም» አሉኝ። ይህ ከስድብ በላይ ነው የተሰማኝ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

አንድ ሳምንት ያለ ችግር። ፓምፑ ሥር ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ አስገባን፣ ከእትዬ መስኮት በኩልም በእንጨትና በስፖንጅ ከለልነው። በእነ ጥቅምት ማድረግ የነበረብን ነው። ሳጥኑ ተቆለፈ፣ ቁልፉ እትዬ ጋ ነው። ይህን ያቀረቡት ጋሼ ናቸው፣ ማንም አልተቃወመም። ልጁና ኤሌክትሪሺያኑ አሁን ስልክ ተለዋውጠዋል።

የውሃ ሂሳቡን ጉዳይ ለየቤቱ ትንንሽ ቆጣሪ በመግጠም እንቋጨው ብለናል፣ ዋጋ እያጠያየቅን ነው። ብቻውን የሚኖረው ደስ ብሎታል። ስምንቱ አልተደሰቱም።

ሳጥኑ ላይ በትልቅ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «ይህ ሰዓት በሀበሻ ነው የሚቆጥረው። እባክዎ አይንኩ።» ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሥሩ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጨምሮበታል፦ «23 ሰዓት በሀበሻ ስንት ነው?»